ባልደርስ ጌት 3፦ ካርላክን የሚያድናት ውጊያው ነው ወይስ ንግግሩ?

አባይ_ማዶ

ሰላም ለሁላችሁ። የባልደርስ ጌት 3ን የኮምፒውተር ጨዋታ ታሪክ ያልጨረሰ ሰው ከዚህ እንዲመለስ አስቀድሜ እለምናለሁ፤ ማን እንደሚሞትና ማን እንደሚተርፍ በግልጽ ይጻፋል።

ጣና ዳር ተቀምጠን የጀመርነውን ክርክር ወደዚህ ያመጣሁት እዚያ በጩኸት ብዛት ማንም ማንንም ስላልሰማ ነው። ብዙ ሰው በጨዋታው አብረውን የሚዋጉት ባልደረቦች ዕጣ የሚወሰነው በንግግር ምርጫ ይመስለዋል። ደግ ደጉን ከመለስኩ ይወዱኛል፣ ከወደዱኝ ደግሞ መጨረሻቸው ያምራል ይላል። የጨዋታው ሠሪ ላሪያን ስቱዲዮስ ግን ከባድ ከባዱን ውሳኔ የደበቀው ውጊያው ውስጥ ነው ባይ ነኝ።

ከባልደረቦቹ አንዷን፣ ካርላክን ተመልከቱ። ደረቷ ውስጥ በልብ ፋንታ የሲኦል ሞተር ተገጥሞላታል። ሞተሩን የሚያረጋጋላት ዳሞን የተባለው አንጥረኛ ሲሆን የመጀመሪያውን ሥራ በምዕራፍ አንድ፣ ሁለተኛውን በምዕራፍ ሁለት ይሠራል። ሁለተኛው ካልተሠራላት የነካችውን ሁሉ ታቃጥላለችና ሰው ማቀፍ አትችልም። በምዕራፍ ሁለት ዳሞን የሚገኘው ላስት ላይት በተባለው የእንግዳ ማረፊያ ነው፤ ማረፊያውን ከተረገመው ጨለማ የሚጠብቀው ደግሞ የካህኗ የኢዞቤል የጨረቃ ጋሻ ነው። ኢዞቤልን ፎቅ ላይ ስታነጋግሯት ማርከስ የተባለው ጠላት ክንፋም ጭራቆቹን አስከትሎ ይመጣል። እርሷ ወድቃ ከተወሰደች ጋሻው ይጠፋል፣ ጨለማው ይገባል፣ ዳሞንም ከሌሎቹ ጋር ያልቃል። ካርላክን ሌሊቱን ሙሉ ስታጽናኗት ብታድሩ እንኳ አንድ ክፍል ውስጥ የተሸነፋችሁት ውጊያ መተቃቀፍን ከልክሏታል። ይህን ንግግር ይመልሰዋል?

የእኔ አሠራር እንዲህ ነው። ከኢዞቤል ጋር ቃል ሳልለዋወጥ ቡድኑን እበትናለሁ። ፈዋሿ ባልደረባ ሻዶውሃርት ከኢዞቤል ጎን ትቆማለች፣ ካርላክ ወደ ሰገነቱ በሚያወጣው በኩል፣ አስማተኛው ጌል ከኋላ ጥግ ይይዛል። ብለስ የተባለውን በረከት አስቀድሜ አደርጋለሁ፤ በእያንዳንዱ የምት ዳይስ ላይ ከ1 እስከ 4 ነጥብ ይጨምራል። ኢዞቤልን ሳንክቹዋሪ በሚባለው የጋሻ አስማት እጋርዳታለሁ። ጤና ይስጥልኝ የምላት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።


ነጭ_ሳር

አባይ ማዶ፣ የሳንክቹዋሪውን ነገር ግማሹን ብቻ ነው የነገርካቸው። ያ ጋሻ የሚቆየው የተጋረደው ሰው ራሱ እጁን እስካላነሳ ድረስ ነው። ኢዞቤል ደግሞ በእኛ ትእዛዝ አትንቀሳቀስም፤ ተራዋ ሲደርስ የምታደርገውን የምታውቀው ራሷ ናት። ጠላት ላይ አንድ ጥቃት ከሰነዘረች ጋሻው ያበቃል። ስለዚህ ያተረፍከው ዙር ቢበዛ አንድ ወይም ሁለት ነው። ያ ትርፍ ትንሽ ነው አልልም፤ ግን ሰው በእርሱ ተማምኖ ጭራቆቹን ሲያሳድድ ሴትየዋን ያስወስዳል። ፈውሱን ሁሉ ለእርሷ ማስቀመጥና ማርከስን ከአጠገቧ ማራቅ ይቀድማል።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ካርላክን መርጠህ አመጣህ፣ ምክንያቱም ለክርክርህ የምትመቸው እርሷ ናት። ሻዶውሃርትን ለምን ዘለልካት? በምዕራፍ ሁለት በጨለማዋ አምላክ በሻር ቤተ መቅደስ መጨረሻ ላይ ናይትሶንግ የተባለች ሴት ታስራ ትገኛለች፤ ሻዶውሃርት ልትገድላት ጦሩን ይዛ ከፊቷ ትቆማለች። እዚያ ቦታ ማን ከፍ ያለ ስፍራ እንደያዘና ማን ቀድሞ እንደሚመታ ማሰብ ምንም አይፈይድም። የሚፈይደው ከዚያ በፊት ባሉት ምሽቶች የተከማቸው መተማመን ነው። መተማመኑ ካለ አንዲት ቃል ሳትናገር ለራሷ ብትተውላት ጦሩን ትጥለዋለች። ይህን ያህል ሰዓት ተዋግተን የመጣንበት ትልቁ ቅጽበት የሚፈታው እኛ ዝም ስንል ነው።

ሌላም ልጨምርልህ። ናይትሶንግ ከተገደለች ላስት ላይትም አይተርፍም። እንግዲህ የአንተ አንጥረኛ ሕይወት በሰገነቱ ውጊያ ብቻ ሳይሆን በሻዶውሃርት ልብም ላይ የተንጠለጠለ ነው።


ዘጌ_ቡና

በመካከል ስገባ ይቅርታ አድርጉልኝ። ታሪኩ ይነገራል የተባለውን አይቻለሁ፣ ለእኔ ግድ የለም፤ ፍጻሜውን አውቄ መጀመር እወዳለሁ። ጥያቄዬ ቀላል ነው። ኮምፒውተሬ መካከለኛ ነው፣ የሰፈራችን መብራት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ጨዋታው ይቻላል? ኦነር ሞድ የሚሉትን ከባድ ደረጃ ብጀምርስ?


ፖሊ_ማታ

ይቻላል፣ ግን ቦታ አዘጋጅ። ላሪያን የሚጠይቀው 150 ጊጋባይት ነው፣ ያውም ኤስኤስዲ በሚባለው ፈጣን ማከማቻ ላይ። በስልክ ዳታ አውርደዋለሁ ብለህ እንዳትነሳ። ጨዋታውን በስምህ ገዝተህ ፋይሉን ከጓደኛህ ሃርድ ዲስክ ብትቀዳ ቀሪው የሚወርደው ማሻሻያው ብቻ ይሆናል። ውጊያው በየተራ ስለሆነ ምስሉ ትንሽ ቢንቀራፈፍም አትጎዳም፤ ጠላት አንተን ይጠብቃል። ምዕራፍ ሦስት ከተማው ውስጥ ሲገባ ግን ኮምፒውተርህ ማቃሰቱ አይቀርም፤ እዚያ የሕዝቡን ብዛት ከማስተካከያው ቀንስ።

ኦነር ሞድ የመጣው ጨዋታው ከወጣ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 መጨረሻ በአምስተኛው ማሻሻያ ነው። ማስቀመጫው አንድ ብቻ ነው፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ሌላ ምርጫ መሞከር የለም። ዋና ዋናዎቹ ጠላቶችም በሌላው ደረጃ የሌላቸውን ኃይል ይጠቀማሉ። ቡድኑ በሙሉ ከወደቀ መቀጠል ትችላለህ፣ ክብሩ ግን ይቀራል። ለጀማሪ አይሆንም።

መብራቱን በተመለከተ፦ ኦነር ሞድ ላይም ኤፍ 5 የተባለው የማስቀመጫ ቁልፍ ይሠራል፤ ያችኑ አንዷን ማስቀመጫ ያድሳል። ክረምት ላይ ከጣና በኩል ደመናው ሲጠቁር እጅህ ከዚያች ቁልፍ አይራቅ። ዩፒኤስ ካለህ ደግሞ ገና ለገና አምስት ደቂቃ ያቆያል ብለህ አትናቀው፤ አስቀምጦ ለመዝጋት ይበቃል።


ጋሼ_ሰንጠረዥ

ልጆች፣ እንደምን አመሻችሁ። እኔ ዕድሜዬ ከእናንተ ቢገፋም ይህን ጨዋታ ልጄ አስለምዶኝ ከእርሱ ይልቅ እኔ ሱሰኛ ሆኛለሁ፤ ስለዚህ የሽማግሌ ወግ ነው ብላችሁ አትለፉኝ።

አባይ ማዶ ከንግግሩ በፊት ሰዎቹን በትኖ ማቆሙ የጥንቱን የአገራችንን ሰንጠረዥ አስታወሰኝ። የፈረንጁ ቼዝ ከመጀመሪያው አንስቶ ተራ በተራ ነው። የእኛው ግን ወረራ የሚባል መግቢያ ነበረው፦ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ጠጠሮቻቸውን በፈለጉት ፍጥነት ያሰልፋሉ፣ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ያፈርሳል፣ ይሠራል። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃና ተራ በተራ መጫወት ይጀመራል። ጥሩ ተጫዋች ከመጀመሪያው መብላት በፊት ያለውን ጊዜ እንደ ጨዋታው እኩሌታ ይቆጥረው ነበር።

ባልደርስ ጌትም ልክ እንደዚያው ነው። አንዱ ሰውህ ሲያወራ ሌሎቹ አልታሰሩም። ከንግግሩ መስኮት ወጥተህ ሌላውን ባልደረባ መርጠህ ጣሪያ ላይ ልታወጣው ትችላለህ። ከፍ ካለ ቦታ ለሚወረወርና ለሚተኮስ ነገር 2 ነጥብ ይጨመራል፤ ከታች ወደ ላይ ለሚተኩስ 2 ይቀነሳል። ይህ በአንድ በኩል አራት ነጥብ ልዩነት ነው፤ በሃያ ገጽ ዳይስ ላይ አራት ነጥብ ማለት ከአምስት ምት አንዱ ማለት ነው። ወጣቶቹ ግን መሣሪያ ፍለጋ ሦስት ሰዓት ይዞራሉ፣ መሰላል መውጣት ግን ይታክታቸዋል።

ደግሞም ውሃ። ጠላትን ክሪኤት ዋተር በሚባለው አስማት አርሱት፤ የራሰ ጠላት መብረቅና ብርድ እጥፍ ይጎዳዋል። ጌል መብረቁን ከዚያ በኋላ ይልቀቀው። በእሳት እንዳትመቱት ብቻ፤ የራሰ ሰው እሳትን ይቋቋማል። ሻዶውሃርትን የተሰጣትን የሙያ ዓይነት አልወደድኩትም ካላችሁም ካምፕ ውስጥ ያለው ዊዘርስ በ100 ወርቅ ከእንደገና ያሠለጥናታል። የ100 ወርቅ ንፉግ አትሁኑ።


አባይ_ማዶ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወረራውን ሳነብ የራሴን ሐሳብ ሌላ ሰው አሳምሮ የጻፈልኝ መሰለኝ። ነጭ ሳር፣ ሳንክቹዋሪው ላይ ያልሽው ልክ ነው፤ እኔም የምፈልገው ያንኑ አንድ ዙር ነው። የሻዶውሃርቱን ግን እንደዚህ እመልስልሻለሁ፦ ቤተ መቅደሱ መጨረሻ ድረስ ሳትሞት ያደረስናት በምን ነበር? በጨዋ ንግግር?


ነጭ_ሳር

በእግሯ። አንተ በጦርነት ከተሸከምካትማ ከመነሻው ያሠለጠንካት መጥፎ ነው ማለት ነው።

ክርክርህን ከወደድክ ቫምፓየሩን ባልደረባ አስታሪዮንን እንውሰድ፤ እርሱ ላይ ሁለታችንም የምንጨነቅበት ነገር አለ። የቀድሞ ጌታው ካዛዶር ቤት ስትገቡ ውጊያው እንደጀመረ አስታሪዮን ተነጥቆ ካዛዶር ኃይል ለማግኘት በሚፈጽመው የአስማት ሥርዓት መሃል ይታሰራል። አንድ ባልደረባ አጠገቡ ደርሶ የእርዳታ ድርጊቱን ካልተጠቀመ ነፃ አይወጣም። ፈጣን እግር ያለው ሰው ወደ እርሱ፣ ዴይላይት የሚባለው የፀሐይ ብርሃን አስማት ወደ ካዛዶር፤ ቫምፓየር ብርሃን ውስጥ ሲቆም ኩራቱ ይቀንሳል። እስከዚህ ድረስ አንተ ትክክል ነህ፣ ውጊያ ነው።

ግን ካዛዶር ከወደቀ በኋላስ? አስታሪዮን ሥርዓቱን ራሱ ልፈጽም ይላል። ዋጋው በእስር ቤቱ ውስጥ ያሉት 7000 ነፍሳት ናቸው። እሺ ካላችሁት በየምቱ ላይ ተጨማሪ ጉዳት የሚያደርስ፣ ፀሐይ የማይነካው ጌታ ይሆናል። ለታክቲክ ብቻ ለሚያስብ ሰው ይህ የተባረከ ስጦታ ነው። እምቢ ካላችሁትና ካሳመናችሁት ደግሞ በመጨረሻው ድል ማግስት፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ከገባው ትል ጋር የተሰጠው የቀን ብርሃን ያበቃና ከፀሐዩ ሸሽቶ ሲሮጥ ታዩታላችሁ። ሁሉም ሰው በሚደሰትበት ወደብ ላይ እርሱ ጥላ ፍለጋ ይሮጣል። እኔ ሁልጊዜ አሳምነዋለሁ፣ ሁልጊዜም ያቺን ሩጫ ሳይ ፍርድ ቤት የቀረብኩ ይመስለኛል።

ስለዚህ ጥያቄዬ ማን አሸነፈ አይደለም። ውጊያው የሚወስነው ምርጫው ለእናንተ ይድረስ ወይስ አይድረስ የሚለውን ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ጎራዴ አይወስነውም።


ጋሼ_ሰንጠረዥ

ነጭ ሳር ልጄ፣ ተባረኪ። ሰባት ሺውን ነፍስ ለጥቂት ነጥብ ጉዳት የሚሸጥ ሰው እቁብ ሰብሳቢ አይደረግም።


ፖሊ_ማታ

አስታሪዮንን ሥልጣን ላይ ያወጣ ሰው እዚህ ክር ውስጥ ስለመኖሩ አፌን ሞልቼ እናገራለሁ፤ ዝም ብሎ እያነበበ ነው።

ሌላውን ባልደረባ ዊልን ማንም አላነሳውም፤ ይህ ደግሞ የተለመደ በደል ነው። የሁለታችሁ ክርክር የሚገናኘው እርሱ ጋር ነው። ዊል ከሰይጣኗ ከሚዞራ ጋር የነፍስ ውል አለው። በምዕራፍ ሦስት ትመጣና ታስመርጠዋለች፦ ለዘላለም ታስሮ አባቱ እንዲድን፣ ወይም ውሉ ፈርሶ አባቱ እንዲጠፋ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሁለት በር ብቻ ያያል፤ ልጅ ወይም አባት። ውሉን አፍርሱት። አባቱን አልደር ራቨንጋርድን ራሳችሁ ሄዳችሁ አውጡት።

እስር ቤቱ አይረን ስሮን ይባላል፣ ባሕር ውስጥ ነው፣ በውሃ ውስጥ መርከብ ይገባል። የከተማው ገዥ ጎርታሽ መግባታችሁን እንዳወቀ ሊያሰጥመው ይጀምራል፤ ያላችሁ ጊዜ በዙር የተቆጠረ ጥቂት ነው። ሕጉ አንድ ነው፦ አትዋጉ። ጠላት መጣ፣ ዝለሉት። አራቱም ባልደረቦች በአራት አቅጣጫ ይሂዱ። በር የሚከፍተውን ማንሻ የሳበ ሰው እስረኛውን አይጠብቅ፤ የተፈቱት እስረኞች በራሳቸው ተራ ወደ መሰላሉ ይሮጣሉ። ራቨንጋርድ ያለበት ክፍል ሩቅ ስለሆነ ወደዚያ የምትልኩት ዳይሜንሽን ዶር የተባለውን አስማት የሚያውቀውን ይሁን፤ ያ አስማት አንድ ሰው ይዞ ይሻገራል። አጭር ርቀት የሚያሻግረው ሚስቲ ስቴፕ ለሌሎቹ ይበቃል። ፍጥነት የሚሰጠውን የሄስት አስማት ለሁሉም ማድረግ የማትችሉት ትኩረት የሚጠይቅ ስለሆነ ነው፤ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ አንድ የትኩረት አስማት ብቻ ይይዛል። ስለዚህ ፍጥነት የሚሰጠውን መድኃኒት ጠርሙስ ከምዕራፍ አንድ ጀምራችሁ አጠራቅሙ፣ እርሱ ትኩረት አይጠይቅም። ውጤቱ ሲያልቅ ግን ጠጪው አንድ ዙር ደክሞ ይቆማል፤ መቼ እንደምትጠጡት አስቡበት።

በዚህ ቦታ አባይ ማዶ ይረካል፣ ምክንያቱም የአንድ ሰው አባት የሚድነው በእግር ቁጠራ ነው። ነጭ ሳርም ትረካለች፣ ምክንያቱም መጀመሪያ ውሉን ለማፍረስ የደፈረ ሰው ነው እዚያ የሚደርሰው።


ነጭ_ሳር

ፖሊ ማታ እንደ ሽማግሌ ሁለታችንንም አስታረቀን፤ አልታረቅም። አባይ ማዶ የካርላክን መጨረሻ ገና አልነገረንም። ዳሞን ተረፈ እንበል። ሁለቱም ሥራ ተሠራላት፣ ሰው አቀፈች። ከዚያስ?


አባይ_ማዶ

አውቃለሁ ወዴት እንደምትወስጂኝ። ሞተሩ በዚህኛው ዓለም አይድንም። ትልቁ ጠላት ከወደቀ በኋላ ወደቡ ላይ ትቃጠላለች፣ ወይም ሸሽታ ወደ ወጣችበት ሲኦል፣ ወደ አቨርነስ ትመለሳለች፣ ወይም ራሷን ወደ አእምሮ በል ፍጡርነት ትለውጣለች። አራተኛ መንገድ የለም። እንኳን ታክቲክ፣ 12ኛው ደረጃ ላይ የደረሰ ቡድንም አይፈታውም፤ ከ12 በላይ ደግሞ ጨዋታው አያስኬድም።

ግን ይህ ክርክሬን አያፈርስም። አቨርነስ ስትመለስ ብቻዋን እንዳትሄድ የሚያደርገው ዊል ነው፣ ወይም እናንተ። ዊል ከእርሷ ጋር ለመሄድ ነፃ ሰው መሆን አለበት፣ በሕይወትም መኖር አለበት። ፖሊ ማታ በነገረን የባሕር ውስጥ ሩጫ አባቱን ያዳነለት ሰው ዊልን ልቡ ሳይከፈል ወደ ሲኦል በር ይልከዋል። ጨዋታው እ.ኤ.አ. ኦገስት 3 ቀን 2023 ሲወጣ ያ ፍጻሜ አጭር ነበር፤ ተጫዋቾች ቅር ስላላቸው በዚያው ወር መጨረሻ በሁለተኛው ማሻሻያ አስፋፉት። በአምስተኛው ደግሞ ከስድስት ወር በኋላ ካምፕ ውስጥ ሁሉም የሚገናኙበትን ድግስ ጨመሩ። ካርላክ እዚያ መጥታ ስታወራ የሰማ ሰው የወደቡን ቃጠሎ ዳግመኛ አይመርጥም።


ነጭ_ሳር

እኔ እመርጣለሁ። ወደዚያ አልመለስም ብላ ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ የነገረችንን ሴት፣ ለእኛ ኀዘን እንዲቀልል ብለን ወደ አሳሪዋ አገር መመለስ አልችልም። ወደቡ ላይ የፀሐይ መውጫ እያየች ነው የምትሄደው፣ ጓደኞቿ አጠገቧ ቆመው። ሰው ለእርሷ የሚበጀውን ከእርሷ በላይ አውቃለሁ ሲል ነው የሚከፋኝ።


አባይ_ማዶ

እና ሞት ይበጃታል?


ነጭ_ሳር

ጠይቃት። ትነግርሃለች። ያኔ ብቻ አትከራከራት።


ጋሼ_ሰንጠረዥ

እኔ በዚህ ላይ ከነጭ ሳር አልተባበርም፤ ሕይወት ካለ ተስፋ አለ። ቤቴ ውስጥ ግን ልጄና እኔ በዚህ ጉዳይ ተኳርፈን እራት ስለበላን ክርክሩን ከማስፋቴ በፊት እዚህ ላቁም።


ዘጌ_ቡና

ሁሉንም አነበብኩ። የገባኝን ልንገራችሁ፦ ውል አፍርስ፣ መሰላል ውጣ፣ ኢዞቤልን ጠብቅ፣ ሻዶውሃርትን ተዋት። ካርላክን እንዴት እንደማደርግ ግን አሁንም አላወቅሁም።

ሌላ ጥያቄ። እኅቴም መጫወት ትፈልጋለች፣ ኮምፒውተራችን ግን አንድ ነው። አብረን ይቻላል?


ፖሊ_ማታ

ይቻላል። ስክሪኑ ለሁለት ይከፈላል፣ ሁለት ጆይስቲክ ያስፈልጋችኋል። ኮምፒውተርህ መካከለኛ ነው ስላልክ የምስሉን ጥራት ወደ ታች አውርደው፤ ሁለት ቦታ በአንድ ጊዜ መሳል ይከብደዋል። ባልደረቦቹን ለሁለት ትካፈላላችሁ። አንድ ምክር፦ ሻዶውሃርትን የያዘው ሰው ኢዞቤል ክፍል ውስጥ ወሬ እንዳይጀምር ተስማሙ። አንዱ ፎቅ ላይ ሲያወራ ሌላው ምድር ቤት ዕቃ ሲገዛ የተወሰደችውን ኢዞቤል እኔ አውቃለሁ።


ዘጌ_ቡና

ጆይስቲክ አንድ አለኝ። ሁለተኛውን የሚያውስ አለ?


አባይ_ማዶ

እኔ አለኝ፤ የግራው ዱላ ትንሽ ወደ ጎን ይጎትታል። ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሐይቁ ዳር ከጀልባ መሳፈሪያው ፊት ለፊት ና። ነጭ ሳርም ትምጣ፤ ካርላክን አልጨረስናትም።